ለቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት፦ በጆርዳኖ ብሩኖ ላይ የተሰጠው ፍርድ ይሻር

ብፁዓን አባቶች፣

በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1600 በሮማ ከተማ፣ በካርዲናል ማድሩትሶ መኖሪያ ቤት፣ የጽሕፈት ቤታችሁ ዳኞች ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ አንድ ሰው አንበርክከው «ንስሐ የማይገባ፣ ልቡን ያደነደነ መናፍቅ» ሲሉ ፈረዱበት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ካምፖ ዴ ፊዮሪ በተባለው አደባባይ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። ሰውየው ጣልያናዊው ፈላስፋ ጆርዳኖ ብሩኖ ነው። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እንዲሻር ለመጠየቅ ነው። (በደብዳቤው ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለታሪክ ጸሐፊዎች ሳይሆን ለእናንተ የምጽፈው የፈረደው አካል ዛሬም ስላለ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሦስተኛ በ1542 ሲያቋቁሙት የሮማ ኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም መናፍቃንን የሚመረምር የቤተ ክርስቲያን ችሎት ነበር፤ በ1908 ቅዱስ ጽሕፈት ቤት ተባለ፤ በ1965 እና በ2022 ስሙ እንደገና ተለወጠ። ስሙ ቢለዋወጥም ተቋሙ አልፈረሰም፤ መዝገቡንም፣ ሥልጣኑንም፣ ኃላፊነቱንም የወረሳችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ የካቶሊክ እምነት ተከታይ አይደለሁም። በጠላትነት እንዳልመጣሁ ግን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ብሩኖ በተወለደበት በ1548 በሮማ ከተማ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን በማተሚያ ቤት እያሳተሙ ነበር። አባቶቻችንን በእንግድነት ተቀብለው ያን ሥራ የደገፉትም እነዚሁ ጳውሎስ ሦስተኛ ናቸው። ኢንኩዊዚሽንን ያቋቋመው እጅና የግዕዙን መጽሐፍ የረዳው እጅ አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ቤታችሁን በአንድ ቀለም ብቻ መሣል አልችልም፤ አልፈልግምም።

ስለ ሰውየው ልንገራችሁ፤ በመዝገባችሁ ከተጻፈው የተከሳሽ ስም ባሻገር ያለውን ሰው ማለቴ ነው። ብሩኖ የተወለደው ከኔፕልስ ብዙ በማትርቀው በኖላ ነው። በአጠገባቸው ቺካላ የሚባል ተራራ ነበር፤ ወይን፣ ወይራና ቼስትነት የተባለ ዛፍ የለበሰ ለምለም ተራራ። ልጁ ከዚያ ሆኖ ወደ ሩቅ ሲመለከት ቬሱቪዮ ጠቁሮና ተራቁቶ፣ ምንም የማይበቅልበት ደረቅ ድንጋይ መስሎ ይታየዋል። ሄዶ ቢያየው ግን ያ የጠቆረ ተራራ ተክል ሞልቶበታል። ዞር ብሎ ወደ አገሩ ቢመለከት ደግሞ አሁን የጠቆረውና የተራቆተው የራሱ ቺካላ ሆኗል። ይህን ብሩኖ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ጽንፈ ዓለም ስፋት በላቲን ግጥም በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል። እኔ የፍልስፍናው ሁሉ ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ቆመን የምናይበት ቦታ ሁሉ መካከል መስሎ ይታየናል፤ ሩቅ ያለውም ሁሉ ባዶና ጨለማ ይመስለናል።

በዚያ ዘመን በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ትምህርት የአርስቶትልና የበጥሊሞስ ነበር። ምድር በመካከል ቆማለች፤ ጨረቃ፣ ፀሐይና ፕላኔቶች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በተደራረቡ ጥርት ያሉ ሉሎች ላይ ተሰክተው ይዞሯታል፤ ከዋክብት በዳርቻው ሉል ላይ ተተክለዋል፤ ዓለምም እዚያ ላይ ያልቃል። በ1543 ኮፐርኒከስ ፀሐይን ወደ መካከል አምጥቶ ምድርን አስነሣት፤ የከዋክብቱን ሉል ግን እንደነበረ ተወው። እንግሊዛዊው ቶማስ ዲግስ በ1576 ከዋክብቱን መጨረሻ በሌለው ጥልቀት ውስጥ በተናቸው፤ ፀሐይን ግን ከመካከል አላነሣም። ብሩኖ በ1584 ለንደን ውስጥ በጣልያንኛ ባሳተማቸው መጻሕፍት መካከሉንም ዳርቻውንም አንድ ላይ አፈረሰ። ከዋክብት ሩቅ ያሉ ፀሐዮች ናቸው አለ። በዙሪያቸው እንደ እኛ ያሉ ምድሮች ይዞራሉ፤ የማናያቸው ትንንሽና ጨለማ ስለሆኑ ነው፤ ነዋሪም አላቸው። ጽንፈ ዓለሙ ወሰን የለውም፤ ስለዚህም መካከል የለውም፤ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነገር፣ አንድ ዓይነት ሕግ አለ።

ምድር ብትንቀሳቀስ ኖሮ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ወደ ኋላ ይቀር ነበር ለሚሉት ተከራካሪዎቹም መልስ ነበረው። በመርከብ ላይ ሆኖ ከምሰሶው ጫፍ ድንጋይ የሚለቅ ሰው፣ መርከቡ እየሄደም ቢሆን ድንጋዩ ከምሰሶው ሥር ሲወድቅ ያያል፤ ድንጋዩ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይጓዛልና። ይህ ክርክር በኋላ በጋሊሊዮ እጅ ጎልምሶ የዘመናዊው ፊዚክስ መነሻ ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ ሆኗል።

እዚህ ላይ ከብሩኖ አድናቂዎች ጋር እለያያለሁ። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 17 ቀን ከሐውልቱ ሥር አበባ ከሚያስቀምጡት መካከል ብዙዎቹ የሳይንስ ሰማዕት ይሉታል። ብሩኖ ሰማይን በመሣሪያ አልመረመረም፤ ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ የተነሣው እሱ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ስሌት አልሠራም፤ ምድር ነፍስ ያላት ሕያው ፍጥረት ናት ብሎም ያምን ነበር። መነሻው ሌላ ነው። በጁን 1592 በቬኒስ ለመርማሪዎቹ ሲያስረዳ፣ ኃይሉ ወሰን የሌለው አምላክ ከዚህ ዓለም ሌላ ቁጥር የሌላቸውን ዓለማት መፍጠር እየቻለ አንድ የተወሰነ ዓለም ብቻ ፈጠረ ማለት ለመለኮታዊ ቸርነትና ኃይል የማይገባ ሆኖ እንዳገኘው ተናገረ። ቃሉ በምርመራ መዝገቡ ላይ አለ። እስረኛ ሆኖ፣ ለሕይወቱ እየፈራ፣ ሳይደብቅ የተናገረው ነው። ይህን የተናገረ ሰው ፈጣሪውን ያሳነሰ አይመስለኝም።

በሃይማኖት ጥያቄዎች ግን ከቤተ ክርስቲያናችሁ ትምህርት መውጣቱ እውነት ነው። በምሥጢረ ሥላሴና በምሥጢረ ሥጋዌ ላይ ከወጣትነቱ ጀምሮ ጥርጣሬ እንደነበረው ራሱ አምኗል። በቅዱስ ቁርባን ጉዳይ ተከሷል፤ ነፍስ ከአካል ወደ አካል ትሸጋገራለች በማለትም ተከሷል። አንደበቱም የተሳለ ነበር፤ ሰው ማስቀየም ይቀለዋል። በ1576 ከኔፕልሱ የዶሚኒካውያን ገዳም ከሸሸ በኋላ በአንድ ቦታ ረግቶ መኖር አልቻለም። በ1579 የጄኔቫ ካልቪናውያን አንድ ፕሮፌሰር በጽሑፍ በመተቸቱ አሰሩትና አወገዙት። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ቪተንበርግ፣ ፕራግ ተንከራተተ። በ1589 ደግሞ በሄልምሽቴት ሉተራውያን አወገዙት። እርስ በርስ ሲዋጉ የነበሩ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት በዚህ አንድ ሰው ላይ ተስማሙ። ስለዚህ ጉዳዩን የካቶሊኮች ብቻ ኃጢአት አድርጎ ማቅረብ ሐቅ አይደለም፤ እኔም አላቀርበውም። ሞት የፈረደው ግን የእናንተ ጽሕፈት ቤት ነው።

ወደ ቬኒስ የጠራው ጆቫኒ ሞቼኒጎ የተባለ መኳንንት ነበር፤ የማስታወስ ጥበብን እንዲያስተምረው። ትምህርቱ እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ብሩኖ ወደ ፍራንክፈርት ሊመለስ ሲነሣ በሜይ 1592 ቤቱ ውስጥ ቆልፎበት ለኢንኩዊዚሽን አሳልፎ ሰጠው። በጁላይ መጨረሻ ብሩኖ በቬኒስ ዳኞች ፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነ። ይህን አስታውሱልኝ። ሞትን የሚፈልግ ግትር ሰው አልነበረም። መኖር ፈልጎ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1593 ወደ ሮማ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ታሰረ። በማርች 1597 ዳኞቹ ስለ ልዩ ልዩ ዓለማት የሚያስበውን «ከንቱ ነገር» እንዲተው አስጠነቀቁት። ይህን የምጠቅሰው የተፈረደበት በሥነ መለኮት ስሕተቱ ብቻ ነው፣ ስለ ሰማይ ያስተማረው ጉዳዩ ውስጥ የለም የሚሉ ጸሐፊዎች ስላሉ ነው። መዝገቡ ራሱ እንዲህ አይልም። በጃንዋሪ 1599 በኋላ ካርዲናል የሆኑት ሮቤርቶ ቤላርሚኖ ስምንት ነጥቦች አውጥተው እንዲክዳቸው ጠየቁት፤ የነጥቦቹ ዝርዝር አልተረፈም። ያን ዓመት ሙሉ ሲያመነታ ቆየ፤ አንዴ እሺ ይላል፣ አንዴ ይሞግታል። በዲሴምበር 21 ግን የምክደው ነገር የለኝም፣ ልክደውም አልፈልግም አለ።

የፍርዱን ጽሑፍ ማንበብ ከባድ ነው። ዳኞቹ ብሩኖን ለሮማው ገዥ አሳልፈው ሲሰጡ፣ ገዥው የሕጉን ጥብቅነት እንዲያለዝብና ቅጣቱ ለሞት ወይም ለአካል መጉደል የማያደርስ እንዲሆን አጥብቀው እንደሚለምኑ ይገልጻሉ። ገዥው ምን እንደሚያደርግ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ይህ ቃል በእንዲህ ያለ ፍርድ ላይ ሁልጊዜ የሚጻፍ ነበርና። በዚያው ጽሑፍ መጻሕፍቱ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ከደረጃው ፊት እንዲቃጠሉ ታዘዘ። በቦታው የነበረው ካስፓር ሾፔ የተባለ ጀርመናዊ፣ ለብሩኖ ምንም የማያዝን ሰው፣ ተከሳሹ ለዳኞቹ የመለሰውን ጽፎ አስቀርቶልናል፦ «ፍርዱን ከምቀበለው ከእኔ ይልቅ የምትፈርዱብኝ እናንተ ሳትፈሩ አትቀሩም።»

የሞት ፍርደኞችን የሚያጽናናው የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር መዝገብ የመጨረሻዋን ሌሊት ይነግረናል። ሁለት ዶሚኒካውያን፣ ሁለት ኢየሱሳውያንና ሌሎች ካህናት ወደ እስር ቤቱ መጥተው ሐሳቡን እንዲለውጥ ለመኑት፤ አልለወጠም። ጧት ወደ አደባባዩ ተወሰደ፤ ልብሱን ገፈው ከምሰሶ ጋር አሰሩትና በሕይወቱ አቃጠሉት። የዚያ ሳምንት የሮማ የዜና ወረቀት ምላሱ ታስሮ እንደነበረ ይጽፋል። ፍርዱ አካል እንዳይጎድል ለምኖ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን የጀመረው ከአንደበቱ ነው።

ብፁዓን አባቶች፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልተባለም አልልም። በፌብሩዋሪ 2000 ካርዲናል አንጄሎ ሶዳኖ ስለ ብሩኖ በኔፕልስ ለተካሄደ ጉባኤ በላኩት ደብዳቤ ስለ ብሩኖ አሠቃቂ ሞት የቤተ ክርስቲያንን ጥልቅ ጸጸት ገልጸዋል። በዚያው ደብዳቤ ግን የአስተሳሰብ መንገዱ ከክርስትና ትምህርት ጋር ወደማይስማማ ነገር እንደመራው፣ በጉዳዩ በነበሩት ሰዎች ኅሊና ላይም መፍረድ የእኛ ድርሻ እንዳልሆነ ጽፈዋል። በሰዎቹ ኅሊና ላይ አትፍረዱ፤ እስማማለሁ። ቤላርሚኖ በ1930 ቅዱስ ተብለዋል፤ ከዚያ ክብር አውርዷቸው ብዬ አልጠይቅም። እኔ የምጠይቀው ስለ ፍርዱ ነው። ማዘንና ፍርድን መሻር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያዘነ ሰው ያጠፋው ነገር ጥፋት መሆኑን ላያምን ይችላል። የሻረ ግን አምኗል።

መሻር አይቻልም እንዳትሉኝ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ አድርጋዋለች። ዣን ዳርክ በ1431 በሩዋን ከተማ በመናፍቅነት ተፈርዶባት ተቃጠለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ካሊክስቶስ ሦስተኛ የፈቀዱት ችሎት በ1456 ያን ፍርድ ከንቱና ዋጋ ቢስ ብሎ ሻረው፤ መሻሩም በተቃጠለችበት በአሮጌው ገበያ አደባባይ ጭምር ታወጀ። ጋሊሊዮም አለ፤ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁመው በ1992 መደምደሚያውን በይፋ ተቀብለዋል። ጋሊሊዮ ክዶ በቤቱ ታስሮ ሞተ፤ ኮሚሽን ተቋቋመለት። ብሩኖ ሳይክድ ተቃጠለ፤ የደረሰው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

የዣን ዳርክ ጉዳይ ከብሩኖ እንደሚለይ አውቃለሁ። እሷ ያልሠራችውን ሠርታለች ተብላ ነው የተፈረደባት፤ ብሩኖ ግን ከተከሰሰበት ብዙውን በእርግጥ አስቧል፣ ጽፏል። ስለዚህ በደለኛ አልነበረም በማለት ፍርዱ ሊሻር አይችልም። ሌላ መሠረት ያስፈልጋል። መሠረቱንም የጣላችሁት እናንተ ናችሁ። በ1520 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን አሥረኛ ሉተርን ሲያወግዙ፣ መናፍቃንን ማቃጠል ከመንፈስ ቅዱስ ፈቃድ ጋር ይቃረናል የሚለውን አባባሉንም ከተወገዙት ነጥቦች አንዱ አድርገው ነበር። በዲሴምበር 1965 ግን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በሃይማኖት ጉዳይ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ ሊገደድ እንደማይገባ አወጀ። በ2018 ደግሞ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ፈቃድ የሞት ቅጣት የሰውን ክብር ስለሚነካ ተቀባይነት የለውም ተብሎ ትምህርተ ክርስቶሱ ተሻሻለ። ያን ማሻሻያ ለዓለም ያሳወቀው የማን ጽሕፈት ቤት ነው? የእናንተ። ብሩኖን ለእሳት ያሳለፈው ጽሕፈት ቤት ማንም ሰው በሞት ሊቀጣ አይገባም ብሎ በራሱ ፊርማ አውጥቷል። እንግዲህ ያ ትምህርት በራሳችሁ መዝገብ ውስጥ ላለው ፍርድ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የዘመኑ አስተሳሰብ ነበር፣ በዛሬ ዓይን አንፍረድ የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ። ዘመኑ ግን አንድ ድምፅ ብቻ አልነበረውም። በ1553 መናፍቅ የተባለው ስፔናዊው ሊቅ ሰርቬተስ በጄኔቫ ሲቃጠል ሴባስቲያን ካስቴሊዮ የተባለ ክርስቲያን ሊቅ ተነሥቶ፣ ሰውን መግደል ትምህርትን መከላከል ሳይሆን ሰውን መግደል ነው ብሎ ጽፏል። ይህ ብሩኖ ከመሞቱ ከአርባ ዓመታት በላይ በፊት የተጻፈ ነው። ማወቅ የፈለገ ማወቅ ይችል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብሩኖ ትክክል ስለነበረ ነው የምትሟገትለት እንዳትሉኝ። ሌሎች ፀሐዮችን የሚዞሩ ፕላኔቶች አሉ ያለው እውነት ሆኗል፤ በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የመጀመሪያውን ፀሐይ መሰል ኮከብ የሚዞር ፕላኔት አገኙ፤ ዛሬ የተረጋገጡት ከአምስት ሺህ በላይ ናቸው። ነገር ግን የአገሬን ሰዎች በሚመለከት ብሩኖ ተሳስቷል። ከላይ የጠቀስኩት የላቲን ግጥም ውስጥ፣ የሰው ዘር በቀለም የተለያየ ስለሆነ ጥቁሩ የኢትዮጵያውያን ትውልድና የአሜሪካው ሕዝብ ከአንድ የመጀመሪያ አባት አልወጡም የሚል ስንኝ አለ። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ። ሐሳቡ በኋላ በሌሎች አፍ ብዙ ክፉ ነገር ሲሠራ ታይቷል። በዚህ ነጥብ ላይ ከብሩኖ ይልቅ ከአዳም ልጅነታችን የማትነቃነቀው ቤተ ክርስቲያናችሁ ትክክል ነበረች። እንዲህም ሆኖ በእሳት መቃጠል አልነበረበትም። ትክክል የሆነውን ብቻ ከእሳት የምናድን ከሆነ ዳኛው አሁንም እሳቱን በእጁ እንደያዘ ነው።

በ1889 የሮማ ሰዎች በኤቶሬ ፌራሪ እጅ የተሠራውን ሐውልት በካምፖ ዴ ፊዮሪ ሲያቆሙ ቤተ ክርስቲያን ተቃወመች፤ ያን ጊዜ በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል የነበረው ጠብ የብሩኖን ስም መሣሪያ አድርጎት ነበር። በ1929 እንዲነሣ ተጠየቀ፤ አልተነሣም። ዛሬ ያ ጠብ የለም። በ1940 የብሩኖን የክስ መዝገብ ማጠቃለያ ፈልገው ያገኙት የቫቲካን ቤተ መዛግብት ኃላፊ አንጄሎ መርካቲ ናቸው፤ በ1942 ያሳተሙትም እሳቸው ናቸው። የጽሕፈት ቤታችሁ ቤተ መዛግብት በ1998 ለተመራማሪዎች ተከፍቷል። ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል፤ እኔም ስለ ብሩኖ ፍርድ ይህን ያህል ልጽፍላችሁ የቻልኩት ከእናንተው ቤት በወጣ መረጃ ነው።

የምጠይቀው በጽሕፈት ቤታችሁ ማኅተም የሚወጣ አንድ ውሳኔ ነው። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1600 በጆርዳኖ ብሩኖ ላይ የተሰጠው ፍርድ ፍትሕ የጎደለው እንደነበረና መሻሩን በግልጽ ይናገር። ትምህርቱን እንድትቀበሉ አይጠየቅበትም፤ በምሥጢረ ሥላሴ ላይ ያለውን ልዩነት እንደያዛችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ውሳኔው በላቲን ብቻ ተጽፎ በመደርደሪያ እንዳይቀር፣ ምእመናኖቻችሁ በሚናገሯቸው ቋንቋዎች ይውጣ፤ የአማርኛው ቅጂም አይረሳ። የዣን ዳርክ መሻር በሩዋን ገበያ እንደታወጀ ሁሉ፣ ይህም በካምፖ ዴ ፊዮሪ፣ ሰው በሚበዛበት በገበያው ሰዓት፣ ከጽሕፈት ቤታችሁ በተወከለ ሰው ይነበብ።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ